ከግብጽ የመጣች ንብ

የልጅ ልጄ ማኅሌት ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንገቷ ላይ ጥንዚዛ አንጠልጥላ መጣች። ቀልዴን አይደለም። ሁለት ክንፎቿን ግራና ቀኝ የዘረጋች፣ በፊት እግሮቿ አንዲት ክብ ነገር ከፍ አድርጋ የያዘች የብር ጥንዚዛ ናት። ክንፎቿ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም ተሞልተዋል፤ ከሥሯም ራሳቸው እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ ትንንሽ መስቀሎች ተንጠልጥለዋል። ልጅቱ ገና ሳትስመኝ ዓይኔ እዚያች ላይ ተተክሎ ቀረ። «ምነው እማማ፣ አላማረብኝም?» አለችኝ። ቪንቴጅ ነው፣ የጥንት ግብጾች አሠራር ነው፣ በስንት ፍለጋ ነው ያገኘሁት እያለች ታብራራልኝ ጀመር። ቪንቴጅ ምን ማለት ነው ብላት፣ አሮጌ ሆኖ የተወደደ ማለት ነው አለች። አሮጌ ሆኖ የሚወደድ ነገር መኖሩን ዛሬ ገና ሰማሁ አልኋትና ተሳሳቅን። ቀጥዬ ግን ሳላስበው «ንቧን ከየት አመጣሻት?» አልሁ።

ንብ አይደለችም አለችኝ። ጥንዚዛ ናት፤ ያውም እበት የምታንከባልል ጥንዚዛ። የያዘችውም እበት ነው፤ የጥንት ግብጾች ግን ፀሐይን የምትገፋ እየመሰላቸው ያከብሯት ነበር። ስልኳን ከፍታ እኅትማማቾቿን አሳየችኝ። ጣቷ ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ሌላ ትመጣለች፤ የጆሮ፣ የጣት፣ የአንገት፣ ትልቅ፣ ትንሽ። ድሮ ለአገር ጎብኚ እየተሠሩ በየሱቁ ይሸጡ ነበር አለች። በእናቴ ሣጥን ውስጥ በሐር ጨርቅ ተጠቅልላ የኖረችው፣ የወሎ ቦረና ሙሽራ ሁሉ በስሟ የሚያውቃት ንብ፣ ካይሮ ገበያ ላይ እንደ ቲማቲም ተደርድራ ትሸጥ የነበረች የእበት ጥንዚዛ መሆኗን ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ሰማሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ልጅቱ ደነገጠች፤ ደም ግፊቴ ነው ብዬ አለፍሁት። ለእርሷ ያልነገርኋትን ነው እንግዲህ እዚህ የምጽፈው።

ያኔ መካነ ሰላም አንድ ሰው ጥሩንባ ቢነፋ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማባት ከተማ ነበረች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከገበያው በላይ፣ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በረንዳ ላይ ደርድረው በሚውሉበት፣ የእርሱ መኪና ከጥጉ ነበረች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፍ እተክልለታለሁ፣ ጠርዝ እቀመቅምለታለሁ። የመኪና ዘይትና ያልታጠበ አቡጀዲ ሽታ ያኔ አፍንጫዬ ውስጥ እንደገባ ዛሬም አልወጣም። አንድ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ዶሮውን አንጠልጥሎ፣ ሽንኩርቱን አስቋጥሮ፣ ከመልሱ ደግሞ ለልጅ ከረሜላ ይዞ ይገባ ነበር። ጎረምሶቹ ካኪ ሱሪያቸውን በፍራሽ ሥር አስተኝተው ይተኩሱና በሸራ ጫማ ገበያውን ሲዞሩ ይውላሉ፤ እኛ ደግሞ አላየንም ብለን እናያለን። ከሰፊዎቹ በታች ያለው ሻይ ቤት ራዲዮ ነበረው። ዘፈን ሲለቀቅ ባለሻይ ቤቱ ድምፁን ከፍ ያደርግና ሰፊዎቹ ሁሉ መኪናቸውን በዜማው ልክ ይረግጣሉ። አሁን በዚያ በረንዳ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል። ሻጩ ልጅ ጨዋ ነው፣ ባለፍሁ ቁጥር ይነሣልኛል፤ የሚያስጮኸው ዘፈን ግን ምን እንደሚል ፈጣሪ ይወቀው።

ንቧ ወደ እኛ ቤት የመጣችው በእናቴ አጎት ነው። እናቴን ዘርፌን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ቄስ ነበሩ። በስተርጅና ኢየሩሳሌምን ሳልሳለም አልሞትም ብለው ሄዱ፤ ሲመለሱ በግብጽ በኩል አለፉ። ለእናቴም ለሠርጓ ይቺን ድሪ ይዘውላት መጡ። ምን እንደሆነች እሳቸውም አያውቁም፤ የሸጠላቸው ሰው ቋንቋ አይገባቸውም ነበር። የተዘረጋ ክንፍ አዩ፣ ከሥሩ መስቀል የሚመስል ነገር አዩ፣ በቃቸው። አገራችን ማር የሚቆረጥበት አገር ነው። ክንፍ ያላት፣ ክብ ነገር ያቀፈች ትንሽ ፍጥረት ንብ ካልሆነች ምን ትሆናለች? የያዘችውም የማር እንጀራ ነው ተባለ። ጥንዚዛን በብር የሚሠራ አገር ይኖራል ብሎ ማን ይጠርጥር። ከሥሯ የተንጠለጠሉትን ክርስቲያኑ መስቀል ናቸው አለ፤ ሙስሊሙ ደግሞ ቁልፎች ናቸው፣ የጎተራ ቁልፍ ናቸው አለ። ወሎ ነውና ሁለቱም እንዳመኑት ሆኖ ኖረ።

ንቧን ያሰረች ሙሽራ ቤቷ እንደ ቀፎ ይሞላል ተባለ። እናቴ በዓመቷ እኔን ስለወለደች ነገሩ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ንቧ የእናቴ ብቻ መሆኗ ቀረ። በሠርግ ወራት በውሰት ትወጣለች። የእርሷ ውሰት ግን ሌላ ዕቃ ላይ የሌለ ሥርዓት ነበረው፤ ከአንዷ ሙሽራ ወደ ባለቤቷ አትመለስም፣ በቀጥታ ወደ ቀጣይዋ ሙሽራ ታልፋለች። በመሐል ወደ እኛ ቤት ከገባች የሙሽሮቹን በረከት ሰብስባ ወደ ቀፎዋ ገባች ይባላል። ስለዚህ በመልሱ ማግሥት ሚዜው ይዟት ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። ከጥምቀት በኋላ የወጣች ንብ ክርስቲያኑ ጾም ሲይዝ ወደ ሙስሊሙ ሠርግ ትሻገራለች፤ ክረምት መግቢያ ላይ ትመለሳለች። አንድም ጊዜ አልጠፋችም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ሙስሊሞቹ አማና ይሉታል፣ እናቴም አማና ማለት ለምዳ ነበር። እኔ ደግሞ የእኔ ተራ ሲደርስ እንዴት እንደማስራት በአባቴ የልኬት መስተዋት ፊት ባዶ አንገቴን እያቀናሁ እለማመድ ነበር። ሲያገቡኝ ባዶ አንገቴን እንደምሆን ያኔ የነገረኝ የለም።

ያ ክፉ ዓመት ሲገባ ንቧ ውጭ ነበረች፤ በክረምቱ መግቢያም አልተመለሰችም። ዝናቡ አስቀድሞም አጓጉል ሆኖ ነበር፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ቀረ። መጀመሪያ ገበያው ላይ ከብት በዛና ረከሰ። ቀጥሎ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። ቀጥሎ ደግሞ የተሰፋ ልብሱን የሚሸጥ መጣ። አባቴ ለእገሌ ሠርግ የሰፋው ቀሚስ በሌላ ሰው ክንድ ላይ ለሽያጭ ተንጠልጥሎ ሲያይ ስፌቱን ያውቀው ነበርና ፊቱን ያዞራል። በኋላ መኪናዋን ሸጣት፤ ለአንድ ሰሞን በላን። ከወግዲ በኩል፣ ከከላላ በኩል ሰው ወደ ደሴ መንገድ ይጎርፋል፤ አቀስታ ደጋ ላይ በብርድ እየሞተ የሚቀረው ይቀራል። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ገና የወተት ጥርሱ ያልተነቀለ ልጅ ነበር። አንድ ጠዋት እናቴ ያበጠ እግሩን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። የጣቷ ጉድጓድ ቶሎ አልሞላም። ያን የረኃብ ሞት ምልክት በዚያ ዓመት ያልተማረ ሰው አልነበረም።

ከተማው ውስጥ እህል አልነበረም ብል እዋሻለሁ። የእህል ነጋዴው ሚስት ወይዘሮ አስካለ ጎተራዋ ሙሉ ነበር። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ለአንድ የመንግሥት ጸሐፊ ልትድራት ቀን ቆርጣለች። አገር ሲያልቅ ሠርግ ምን ይባላል አትበሉኝ፤ የቸገረው ሰው እያለ ያልቸገረው መኖሩ ያኔ አልተጀመረም። ይህች ሴት ንቧን በውሰት ሳይሆን ለዘለቄታው የልጇ ልታደርጋት ስትመኝ ኖራለች፤ እናቴም እምቢ ስትላት ኖራለች። አሁን ራሷ ሰው ላከችብን። ንቧን አምጪልኝና ልጅሽን እስከ መኸር የሚያደርስ ገብስ ውሰጂ አለቻት። በብር ክብደት ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ እርሷ የፈለገችው በረከቷን ነው። እናቴ አላመነታችም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ የቀረችውን ጭብጥ ቆሎ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ ንቧን ፍለጋ ወጣች።

የመጀመሪያዋ ሙሽራ ቤት ሩቅ አልነበረም። አማቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ሳይነሡ ሚዜው ወደ የት እንደወሰዳት በአገጫቸው ጠቆሙን። ሁለተኛው ቤት በሩ በእሾህ ተዘግቶ ነበር። ያን ሰሞን እንዲህ የሚዘጋ በር ባለቤቶቹ እንመለሳለን ብለው የሄዱበት ነው። አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ወጡና ሙሽራዋ ከመሄዷ በፊት ንቧን ለባለተራዋ ማድረሷን ነገሩን። ባለተራዋ ዘይነባ የምትባል ናት፣ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት አሉን። እናቴ ይህን ስትሰማ ያመሰገነችው ምስጋና አሁንም ይሰማኛል። እኔ ግን በልቤ፣ ረኃብተኛ እጅ የገባ ብር እስካሁን እንዴት ይቆያል፣ ድካማችን ከንቱ ነው እል ነበር። ከአንድ የተተወ ቤት ጥግ አደርን፤ ቆሎውን አልነካንም፣ ለመልስ መንገድ ይሁን ብላ እናቴ ከለከለችኝ።

ዘይነባን ያገኘናት ከቤቷ ምሰሶ ሥር ተደግፋ ነው። ከእኔ ብትበልጥ በትንሽ ነው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። እቅፏ ውስጥ ሕፃን ነበር፤ ዓይኑ ብቻ ትልቅ ሆኖ ቀርቷል፣ ማልቀስም ትቷል። ከእርሷ ወዲህ የሠረገ ስላልነበረ እዚያው ቤት የከረመችው ንቧ በጥቁር ክር ተንጠልጥላ አንገቱ ላይ ናት። ክንፏ ደረቱን ከትከሻ እስከ ትከሻ ሸፍኖታል። እናቴ ሰላምታ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ስለ መጣችበት ጉዳይ አፏን ልትከፍት አልቻለችም። ዘይነባ ራሷ ነገሩን አቀለለችላት።

«ለአማናዎ መጥተው ነው እታለም» አለች። «በረከት ታድርግለት ብዬ ነው ከልጁ ያሰርኋት። አልጎዳኋትም።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። ብር የሚሰበስቡ ነጋዴዎች እህል በአህያ ጭነው በዚያ መንገድ አልፈው ነበር። አልቦም፣ አምባርም፣ ድሪም ያለ አምጡ ብለው በየቤቱ ዞሩ። ንቧን ሲያዩ ከእርሷ ቤት ደጃፍ አልንቀሳቀስ አሉ፤ ስልቻውን ፈትተው ስንዴውን በእጃቸው እያፈሱ አሳዩአት። የሰው ናት ብላ መለሰቻቸው። እናቴ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየቻትና «ልጄ፣ ልጅሽ እንዲህ ሆኖ?» አለቻት። ዘይነባ ደግሞ «ታዲያ የሰው አማና በልቼ አላህ ፊት ምን ይዤ እቆማለሁ?» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ንቧን በሁለት እጇ ዘርግታ ሰጠቻት።

እኔ እናቴ ንቧን ትታላት ትነሣለች ብዬ አስቤ ነበር። ዕውነቱን ልንገራችሁ፣ ደምሴን አስቤ፣ እንዳትተዋት እያልሁ እጸልይ ነበር። እናቴ ንቧን ተቀበለች። ቋጠሮዋን ፈትታ ቆሎውን በሙሉ ዘይነባ ጭን ላይ ደፋች፤ ስለ ደምሴና ስለ ወይዘሮ አስካለ ገብስ ነገረቻት፤ ገብሱን እንዳገኘሁ ተካፍዬ እመጣልሻለሁ ብላ በቅድስት ማርያም ማለችላት። ዘይነባ የልጁን ስም ጠየቀች። ደምሴ አልኋት። ለደምሴ ዱዓ አደረገችለት። የራሷን ልጅ ታቅፋ ለወንድሜ ስትለምን እኔ አጎንብሼ የቤቱን አፈር አይ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ቤት የገባነው በማግሥቱ ቀትር ላይ ነው። ንቧን ስታያት ፊቷ በራ። አንሥታ ወደ ብርሃን ይዛ፣ ክንፏን እያገላበጠች፣ ወዴት ሰንብታ መጣች ብላ ጠየቀች። እንዲያው ወግ ነው፤ የንቧን መንገድ መጠየቅ የተለመደ ነው። ማን አሰራት፣ ማን ወለደች፣ የስንቷን ቤት ሞላች ይባላል። እናቴ ወደ ወግዲ በኩል አለች። ሙሽራዋስ ደኅና ናት፣ ወለደች? ወልዳለች አለች እናቴ። ሕፃኑስ ብትላት እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ታስተካክል ጀመር። እስኪ ንገሪኝ እንጂ ስትላት ግን ያችን ልጅ እንደዚያ ካየቻት በኋላ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣ አላት።

«ከሕፃኑ አንገት ነው የፈታኋት» አለች። «የሚያድር አይመስለኝም።»

ወይዘሮ አስካለ ንቧን ቀስ ብላ መሶቡ ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ክፉ ሴት ነበረች ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ግን ዕንባዋ ሲወርድ አይቻለሁ። «ዘርፌ፣ አንቺ ብትሆኚ ከዚህ ወስደሽ ለሙሽራ ልጅሽ ታስሪላታለሽ?» አለቻት። ያቺ ንብ ዋጋዋ በረከቷ ነበር፤ ለበረከቷ የተፈለገች ንብ ከሞት አፍ ከመጣች ለሙሽራ አትሆንም። እናቴም ይህን ከማንም በላይ ታውቅ ነበርና አልተከራከረችም። ወይዘሮ አስካለ ስለ ማርያም ብላ ጥቂት ዱቄት በሰፌድ ሰጠቻት። እናቴ ተቀብላ፣ ንቧን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ያን ቀን አባቴ የጮኸባት ጩኸት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማሁት ነው። ከባለጸጋ ቤት ነው የመጣችው፣ መንታ የወለደች አስራት ነበር ብትያት ምላስሽ ይቆረጥ ነበር ወይ አላት። እርሷ ዱቄቱን በውኃ በጥብጣ ደምሴን ታጠጣው ነበር።

ደምሴ በዚያ ሳምንት ሞተ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳር፣ አንድ ላይ ከተቀበሩ ሰዎች አጠገብ አባቴ ራሱ ቆፍሮ ቀበረው። ሙሾ አልወጣለትም። ያን ጊዜ የሚያለቅስ ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም፤ ለሕፃን ደግሞ ማን ይደርሳል። እናቴ ወደ ዘይነባ የሚወሰድ ገብስ አልነበራትምና አልሄደችም። እንዴት ብዬ ባዶ እጄን ፊቷን አያለሁ ትል ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘነበ። ከዚያ ራዲዮው ሌላ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ፤ ዘፈኑ ቀርቶ ሰልፍ ሰልፍ ሆነ። ካኪ የለበሱ ተማሪዎች መጥተው ገበሬውን ሰብስበው መፈክር አስተማሩት። መሬት ላራሹ ተባለ፣ እሰየው፤ አራሹ ግን ወዴት እንዳለ የጠየቀ የለም። የእነ ወይዘሮ አስካለ ጎተራ ታሽጎ ሲከፈት ገብሱ በነቀዝ ተበልቶ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። የልጅቱም ሠርግ ሳይሆን ቀረ፤ ጸሐፊው በዚያ ግርግር የገባበት ጠፋ። አባቴ ይህን ሁሉ እያየ የሰው መኪና እየተከራየ ለአዲሶቹ ባለሥልጣኖች ካኪ ይሰፋ ነበር።

ከመኸሩ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ዘይነባ እቤታችን መጣች። ሰው ጠይቃ ጠይቃ ነው ያገኘችን። ልጇን አላዘለችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። እኛ እንደሄድን ብዙም እንዳልቆየ ራሷ ነገረችን። ገብሱን ለምን አላመጣሽልኝም አላለችም። የመጣችበት ነገር ሌላ ነበር። ተቀምጣ ውኃ ከጠጣች በኋላ ወደ ጓዳው አየት አድርጋ፣ «ደምሴስ?» አለች።

እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜ ነበር። እናቴ ልጇን የምታተርፍበት ውሸት ተቸግራ ያላወጣች ሴት ናት። አሁን ግን ዓይኗን ሳታርገበግብ መለሰች።

«ተረፈ» አለች። «ንቧን ሰጥቼ ገብሱን ተቀበልሁ፤ አተረፍሽልኝ።»

ዘይነባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «አልሐምዱ ሊላህ» አለች፣ ደጋግማ። የኔ ልጅ በከንቱ አልሄደም አለች፤ ነጋዴዎቹን የመለስሁ ዕለት ዕብድ ያለችኝ ጎረቤት ትስማ አለች። ልጁን ልየው ስትል እናቴ ከአባቱ ጋር ሳይንት ዘመድ ጥየቃ ሄዷል አለቻት። አባቴ ያን ሰዓት ከመጋረጃው በስተጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ አልወጣም። ዘይነባ ከሄደች በኋላ እናቴ ንቧን ከሣጥን አወጣቻት። ለአስካለ ሰጥቻታለሁ ካለች እቤት ልትገኝ አይገባም። ብር ለሚሰበስብ አላፊ ነጋዴ ሸጠቻት፤ ምን ያህል እንዳገኘች አልጠየቅሁም። ነጋዴው ከረጢቱ አልበቃው ሲል ክንፎቿን በጉልበቱ ላይ አጥፎ ከተታት።

ዘይነባ እንደገና አግብታ ነበር፤ ልጅ ግን አልወለደችም። ስለዚህ ደምሴ የእርሷ ልጅ ሆነ። በየዓመቱ ለእርሱ የሆነ ነገር ትልክለታለች፤ እሸት ሽምብራ፣ ቅል ሙሉ ማር። ለፋሲካ ክርስቲያን አርዶ ይብላት ብላ ዶሮ ከነነፍሷ ትልክ ነበር። እናቴም በወሬ ታሳድገዋለች። ጥርሱ ተነቀለ፣ ፊደል ቆጠረ፣ ደሴ ሄዶ ትምህርት ገባ፣ ድምፁ ጎረነነ። አንድ ጊዜ ዘይነባ ለሱሪ የሚሆን ካኪ ገዝታ ልካ ልኩን ስታስጠይቅ፣ እናቴ አሰብ አድርጋ ከመሬት እስከ ደረቷ በእጇ ለካች። እኔ የማለቅስበትን እያጣሁ እሰማለሁ። በኋላ ለውትድርና ጎረምሳ መታፈስ ሲጀመር ዘይነባ ከወግዲ መንገድ ድረስ እየሮጠች መጣች፤ ደምሴን ደብቁት፣ እኔ ዘንድ አምጡት አለች። እናቴ ዐባይን ተሻግሯል፣ ጎጃም ነው እያለች ታለቅስ ነበር፤ ለማስመሰል አልነበረም፣ የምሯን ፈርታለታለች። አባቴ ማታ «ቢኖርም ይወስዱት ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ደምሴ አባቴ እስኪሞት ድረስ በቤታችን የተናገረው ቃል የለም።

እናቴ ያረፈችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዘይነባ ያኔ ዓይኗ በሞራ ተሸፍኖ በሰው እጅ ትመራ ነበር። የቀብሩ ዕለት መጣች። ሕዝቡ አስከሬኑን መሐል አድርጎ ክብ ሠርቶ ያለቅሳል፤ እርሷ ደግሞ ገና ከሩቅ ድምፅዋን አንሥታ መጣች። አጠገባችን ስትደርስ ከመሪዋ እጅ ወጥታ ሁለት እጇን ዘርግታ እንዲህ አለች፤

ና ቁም ከራስጌዋ፣ ደምሴ የት አለህ፣
ከዚያ ከክፉ ቀን አዝላ ያወጣችህ።

ልቅሶው ጸጥ አለ። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ደምሴ የት እንዳለ ያውቃል፤ ከቆምንበት መቃብሩ ይታያል። ዘይነባ እጇን እንደዘረጋች ትጠብቃለች። ደግማ ጠራችው። የጎረቤታችን ልጅ፣ ከደምሴ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደ፣ በዚያን ጊዜ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው፣ ከወንዶቹ መሐል ወጥቶ ከእናቴ ራስጌ ቆመና «አለሁ» አለ። ማን ቁም እንዳለው አላውቅም። ዘይነባ ክንዱን ዳበሰች፤ ትከሻውን፣ አንገቱን ዳበሰች። አደግህልኝ አለችው። ሴቶቹ ሙሾውን ከእርሷ ተቀብለው «ደምሴ፣ ደምሴ» እያሉ አለቀሱ። እኔ የእናቴ ቀብር ላይ ቆሜ ያለቀስሁት ለወንድሜ ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ሲለቀስለት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘይነባም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየች። ለጥቂት ዓመታት ግን መልእክቷ ይመጣልኝ ነበር፤ ደምሴ እንዴት ነው፣ ስንት ወለደ ትላለች። ደኅና ነው፣ ሁለት ወለደ እያልሁ እመልስላት ነበር። እርሷ ከሞተች ወዲህ ደምሴ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።